ከጥፋት በኋላ የሚጀምር ታሪክ

ስለ ጥፋት የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ የሚያጋጥመው ችግር «ከወዴት ልጀምር?» የሚለው ነው። ቤቱ ተቃጥሎበት በዐመዱ ፊት የቆመ ሰው የቱን ጠቅሶ የቱን እንደሚተው ይጨንቀዋልና። ይህን ችግር አንድ ያገራችን ደራሲ እንዴት እንደ ፈታው በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ለማመልከት አስበናል።

መጽሐፉ የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ደርሰው በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት፥ ኋላም «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ይህ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መጽሐፍ የሚከፈተው በሰላም አይደለም። የክርስቲያን ሠራዊት ድል ሆኖ፥ አገር ተዘርፎ፥ አንድ የጦር አለቃ ተማርኮ ለባርነት ሲሸጥ እናገኘዋለን። አንድ ደግ ነጋዴም ዋጋውን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል።

የደራሲው ብልኀት በሦስት ነገር ይታያል። አንደኛ፥ ዘመኑን ወደ ጥንት ስላራቁት አንባቢ ወገን ሳይለይ ያዝናል። ሁለተኛ፥ የብዙዎቹን መከራ በአንድ ሰው ላይ ሰብስበው ያሳያሉ። ሦስተኛ፥ የነጋዴው ቸርነት ዕዳ ሆኖ ታሪኩን ያንቀሳቅሰዋል፤ ልጁ ዋሂድ ባለውለታውን ፍለጋ ይወጣል፥ መንትያው ጦቢያም በወንድ ልብስ ተሰውራ ከአባቷ ጋራ ወንድሟን ፍለጋ ትከተላለች። ስለዚህ ጥፋቱ የነገሩ መጨረሻ መሆኑ ቀርቶ መነሻ ሆነ።

ደራሲው ስሙን ባይጠሩትም የጎጃም አንባቢ ይህን ሲያነብ የራሱን ዘመን ሳያስብ አይቀርም። መጽሐፉ ከመታተሙ 20 ዓመት በፊት፥ በጥር 1880 ዓ.ም.፥ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውኃ በድርቡሽ ድል ሆነው ጎንደር ተቃጠለች፤ ብዙ ሰውም ተማርኮ ተነዳ። በ1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጎጃምን አጠፋ። በዚያው ሰሞን በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ስለ ፈጀው እርሻው ጦም አደረ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት። ይህም «ክፉ ቀን» የተባለው ነው።

በደምበጫ በልጅነታችን አንዲት አሮጊት እናት ይህን ከአያታቸው የሰሙትን ሲያወሩልን የሙታንን ቁጥር አንሥተው አያውቁም። የሚጀምሩት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከቀረው ቀንበር ነበር፤ የሚጨርሱትም ዘር ባበደራቸው ጎረቤት ነው። «የዚያን ቤት ልጆች ዛሬም ብድግ ብለን እንቀበላለን» ይሉ ነበር።

በአንጻሩ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከደምበጫ እጅግ በማይርቀው በማንኩሳ፥ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ የዕለት ኑሮ ይጀምራል። መከራው የሚመጣው ቤቱን ከለመድነው በኋላ ነው። ሁለቱም መንገድ መልካም ነው፤ ሁለቱም ግን ከሰው ይነሣሉ።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ መከራ በምንጽፈው ሪፖርት አስቀድመን የምናሰፍረው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ለመዝገብ ያስፈልጋል፤ እህል የሚታደለውም በእርሱ ነው። ነገር ግን ቁጥር ብቻ የጻፍንለት ሰው ሁለተኛ ይሞታል። እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ተማሪው ያየውን መከራ እንዲጽፍ ስታዙት፥ አስቀድሞ የተሰቀለውን ቀንበር ይፈልግ፤ ዘር ያበደረውንም ሰው ስም አይርሳ።