ቤቱን ይዞ የመጣ እንግዳ

በአገራችን የመሸበት መንገደኛ ቃሉ አጭር ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱ ውሻውን ይይዛል፤ የእንግዳው እግር ይታጠባል፤ ከተገኘው ይቀርባል። እንግዳውም በፋንታው የመጣበትን አገር ወሬ ያወጋል፤ የእህሉን ዋጋ፣ የዝናቡን ነገር፣ ማን እንደ ሞተና ማን እንደ ተሾመ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው መንገደኛው ቤቱን ጥሎ መምጣቱ ነው። ቤቱን ይዞ ቢመጣስ?

ይህን ጥያቄ የጫረብኝ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ለአራት ቀን «ሞተርሆም» ተከራየ። አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት በአንድ መኪና ውስጥ የተሰደሩበት ቤት ነው፤ ሹፌሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ሦስት እርምጃ ቢራመድ ጓዳ ይገባል። አከራዩ መያዣውን ከተቀበለ በኋላ ንጹሑ ውኃ በየት እንደሚገባ፣ ቆሻሻው በየት እንደሚወጣ በአሥር ደቂቃ አስረድቶ ቁልፉን ሰጠው። የአጎቴ ልጅ እንዳጫወተኝ ከአሥሩ ደቂቃ የገባው ሁለቱ ብቻ ነበር።

የሄዱት ወደ ጃክሰን ሴንተር ነው። በበቆሎና በአኩሪ አተር ማሳ መካከል የተቀመጠች፣ ነዋሪዋ 1,500 የማይሞላ ከተማ ናት። «እዚያ ደግሞ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። ያለው አንድ ፋብሪካ ነው። «ኤርስትሪም» የሚባለው፣ በመኪና የሚጎተት፣ ብርማ እንቁላል የመሰለ ተሳቢ ቤት ከ1952 ጀምሮ እዚያ ይሠራል። (ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።) በተሳቢ ቤትና በሞተርሆም መካከል ያለው ልዩነት ሞተሩ ብቻ ነው፤ ሐሳቡ አንድ ነው። የዚህ ሐሳብ ታሪክ ደግሞ በእኛም ደጅ አልፏል።

የፋብሪካው መሥራች ዋሊ ባያም በ1896 በኦሪገን ግዛት ተወለደ። ልጅ ሳለ እረኛ ነበር፤ አህያ በሚጎትተው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ውስጥ የላምባ ምድጃውንና መኝታውን አኑሮ ከበጎቹ ጋር ይዞር ነበር። ካደገ በኋላ ስታንፎርድ ተምሮ የመጽሔት አሳታሚ ሆነ። ሚስቱ በሽርሽር ላይ መሬት መተኛትን ስለ ጠላች በመኪና ሻንሲ ላይ ድንኳን መሰል ቤት ሠራላት ይባላል። እያሻሻለው ሄዶ በ1936 እንደ አውሮፕላን በአሉሚኒየም ንጣፍና በሪቬት የተገጠመውን ቤት ለገበያ አቀረበ።

ባያም ነጋዴ ብቻ አልነበረም፤ ሰባኪም ነበር። ስብከቱ፣ በእኔ አነጋገር ሲጠቃለል፣ ሰው ዓለምን ለማየት የማንንም ፈቃድ መለመን የለበትም የሚል ነው። ሆቴል ማስያዝ የለም፤ ለተሸካሚ ጉርሻ የለም፤ ማታ የምትተኛው በገዛ አልጋህ ነው። ብዙዎቹ ተከታዮቹ ጡረተኞች ነበሩ። ስብከቱን በተግባር ለማሳየት የተሳቢዎች ቅፍለት እየመራ አገር ለአገር ይዞር ጀመር። በ1951 ወደ መካከለኛው አሜሪካ የተነሣው የመጀመሪያው ጉዞ 63 ተሳቢዎች ነበሩት፤ አብዛኞቹ መንገድ ላይ ቀሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እሱ ግን በ1959 ከ100 በላይ ሰዎችንና 41 ተሳቢዎችን ይዞ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ተነሣ።

በመንገዱ ላይ ያለችው አገራችን ነበረች። በእኛ አቆጣጠር ዘመኑ 1952 ነው። ከኬንያ ድንበር ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ በዚያን ጊዜ ምን ይመስል እንደ ነበር በዚያ በኩል በጭነት መኪና የተጓዙ አረጋውያን ያውቁታል። ለበግ መንጋ እንጂ ለተሳቢ ቤት የተሠራ አልነበረም። ቅፍለቱ እንደ ምንም አዲስ አበባ ደረሰ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተጓዦቹን ተቀበሉ። ከብርማዎቹ መካከል የባያም የራሱ ተሳቢ ወርቅማ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ሰልፍ ሲያዩ ምን አስበው ይሆን? የዙፋናቸው የቀድሞ ባለቤቶች ለብዙ ዘመን ቋሚ ዋና ከተማ አልነበራቸውም። በ1520 መጥቶ ስድስት ዓመት የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ያየው የልብነ ድንግል ከተማ ድንኳን ነበር። የንጉሡ ድንኳን መካከል ላይ ይተከላል፤ መኳንንቱ፣ ካህናቱ፣ ገበያው ሳይቀር በቀኝና በግራ የታወቀ ቦታ አላቸው። ሠፈሩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሲተከል ሁሉም ሰው ትናንት የነበረበትን ጎን ሳይጠይቅ ያገኛል። «ከተማ» የምንለው ቃል ራሱ የመጣው ከዚሁ ነው፤ ከተመ ማለት ሠፈረ ማለት ነውና። የባያምም ሰዎች ሜዳ ሲያገኙ ተሳቢዎቻቸውን እንደ ጋሪ ጎማ ዙሪያውን ደርድረው ይከትሙ ነበር። በፎቶግራፍ ሲታይ ልብነ ድንግል በአሉሚኒየም የተመለሱ ይመስላል።

ልዩነቱ ከድርጎው ላይ ነው። የንጉሡ ሠፈር የሚበላው የባላገሩን እህል፣ የሚያነደው የባላገሩን ደን ነው። እህሉና ማገዶው ሲያልቅ ይነሣል፤ ባላገሩ ከባዶ ጎተራ ጋር ይቀራል። ፋሲል በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ የዙረቱ ዘመን ማብቃት ጀመረ እንጂ አላበቃም፤ አፄ ምኒልክ እንኳ ማገዶ ቢያጥራቸው አዲስ አበባን ጥለው ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ነበር፤ ያዳነን ባሕር ዛፍ ነው። አሜሪካኖቹ ግን ምግባቸውን በቆርቆሮ፣ አልጋቸውን በተሳቢ ይዘው መጥተዋል። እንደ ሠራዊት አይበሉ፣ እንደ እንግዳ አይለምኑ። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ለባላገሩ ግልጽ ነው። ለመንገደኛው ግን እንጃ። ማንንም የማያስቸግር ሰው ማንንም የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል።

ባያም በ1962 ሞተ። ከሰባት ዓመት በኋላ የእሱ ተሳቢ ቤት ያልታሰበ እንግዳ አስተናገደ። በሐምሌ 1969 ከጨረቃ የተመለሱት ሦስቱ ጠፈርተኞች ያልታወቀ ተሕዋስ ይዘው መጥተው እንዳይሆን ከአንድ ሐኪምና ከአንድ መሐንዲስ ጋር የተዘጋባቸው ጎማው በተነሣ ኤርስትሪም ውስጥ ነበር። ከሰው ልጅ ሁሉ ርቀው የሄዱት ሰዎች ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ያነጋገሩት በመስኮቱ መስተዋት በኩል ነው። ከሦስቱ አንዱ ኒል አርምስትሮንግ የተወለደው ከጃክሰን ሴንተር ብዙ በማትርቀው ዋፓኮኔታ ነው። የአጎቴ ልጅ ልጆች የለመኑትም ይህችን ከተማ ነበር። በዚያ ባለው ሙዚየም አርምስትሮንግ በ1966 የበረረባትን ጄሚናይ 8 አይተው ከመደነቅ ይልቅ አዘኑላት። ሁለት ሰው እንዴት በዚህች ውስጥ ተቀመጠ? ሞተርሆሙ ለእነሱ ቤተ መንግሥት ሆኖ ታያቸው።

ሦስተኛውን ሌሊት ያደሩት ኢንዲያን ሌክ በሚባል ሐይቅ ዳር በተከለለ ሠፈር ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከሰው ጋር የተነጋገሩት ነዳጅ ሲቀዱና ቲኬት ሲቆርጡ ብቻ ነበር። ማታ ሚስቱ ውስጥ ምድጃው ላይ ቡና ጣደች። ፍሬው ጠቆር ሲል ከጣራው ሥር ያለው የጢስ ደወል ጮኸ። ደወሉን እንዴት እንደሚያጠፉት በአሥሩ ደቂቃ ውስጥ አልተነገራቸውም። ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶች እሳት መስሏቸው እየሮጡ መጡ፤ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ቆሞ ባትሪውን አወጣው። ከዚያ ወዲያ በሩ አልተዘጋም። ቡናው ውጭ ተቆላ፤ ስድስት ሲኒ አልበቃ ብሎ በፕላስቲክ ኩባያ ተቀዳ። ሽማግሌው ገበሬ ኖሯል፤ የበቆሎውን ዋጋና የዘንድሮውን ዝናብ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያወራቸው አመሸ።

መኪናውን ሲመልሱ አከራዩ ከመያዣው ላይ ጥቂት ዶላር ቀነሰ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «የጢስ ሽታ ማስለቀቂያ» ይላል።