የባሌ ፈረስ፦ ባለቤት ሲቀይርና ጋላቢ ሲፈለግለት

የባሌ ፈረስ በባሌ ደጋ፣ ማለትም በአጋርፋ፣ በሮቤ፣ በጎባ፣ በዲንሾና በዙሪያቸው የሚረባ፣ ለግልቢያ፣ ለጭነትና ለጋሪ የሚውል አነስ ያለ ፈረስ ነው። ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው በመንገድ ፈረስ ላይ ነው፤ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ለየትኛው ሰው የትኛው እንደሚመረጥ። ፈረስ ምንም ቢያምር፣ ማን ሊቀመጥበት እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ደግነቱ መናገር ከንቱ ነው። አንዱን ሽማግሌ በሰላም ገበያ አድርሶ የሚመልስ ፈረስ ሌላውን ጎረምሳ በመሰላቸት ይገድለዋል፤ ለጎረምሳው የሚመቸው ደግሞ ሽማግሌውን ከወንዝ ዳር ጥሎት ይመለሳል።

ዝርያውና ያደገበት መሬት

ኢትዮጵያ በፈረስ ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ቁጥሩ 2 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የአገሪቱን ፈረሶች በአካላቸውና በሚኖሩበት ምድር በስምንት ከፍሏቸዋል፦ አቢሲኒያ፣ ባሌ፣ ቦረና፣ ሆሮ፣ ከፋ፣ ሰላሌ፣ ኦጋዴን (ዊልዋል)፣ በመጨረሻም በሐረርጌ ቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት የሚኖሩት። በመልክና በቁመና የሚወደሰው የሰላሌው ነው። የባሌው ቁመቱ ከትከሻው 130 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ ፈረንጆች ከ148 ሴንቲሜትር በታች የሆነውን ፖኒ ስለሚሉት በእነሱ ሚዛን ከፈረስ ተራ አይገባም። ይህን ባለፈረሱ ፊት መናገር ግን አይመከርም።

በባሌ ውስጥም መሬቱ ፈረሱን ይለያየዋል። አጋርፋ ከሮቤ በሰሜን ምዕራብ የሚገኝ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ ሜዳው ሰፊ ስለሆነ እዚያ ያደገ ፈረስ አንገቱን ዘርግቶ መሄድ ይለምዳል። ከዲንሾ በላይ፣ በወይብ ሸለቆና በሳነቴ አምባ፣ መሬቱ ሌላ ነው። ግዙፉ ፍልፈል አፈሩን እየቆፈረ ጉድጓድ በጉድጓድ ያደርገዋል፤ በላዩ ሳርና ቅጠል ስላለበት ለዓይን አይታይም። እዚያ የተወለደ ፈረስ አፍንጫውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ፣ ኮቴውን እየመረጠ ያሳርፋል። የሜዳው ፈረስ እዚያ በሩጫ ከተለቀቀ የፊት እግሩ ድንገት ይሰምጣል፤ ጋላቢው በጆሮዎቹ መካከል ያልፋል። ከፍታውም አለ። ሳነቴ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ በዚያ ከፍታ ሰውም ፈረስም በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ «ከየት የመጣ ነው?» የሚለው የገዢ ጥያቄ ወሬ ለማብዛት የሚጠየቅ አይደለም።

ገበያው

ፈረስ በባሌ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው በውርስ፣ በስጦታና በገበያ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ባለቤት ያጣን ፈረስ ተቀብሎ፣ አክሞና አሠልጥኖ፣ የሚወስደውን ሰው ቤትና ልምድ ከመረመረ በኋላ የሚያስረክብ ድርጅት የተለመደ ነው። እዚህ ያንን ሥራ የሚሠሩት ዘመድ፣ ጎረቤትና ደላላ ናቸው። ጥራቱ እንደ ሰዎቹ ነው።

ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ጥርስ ነው። በአንድ እጁ ለኮውን (መሪ ገመዱን) ይዞ፣ በሌላው አውራ ጣት የታችኛውን ከንፈር ገለጥ ያደርጋል። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን በሁለት ዓመት ተኩል፣ በሦስት ተኩልና በአራት ተኩል ገደማ ጥንድ በጥንድ እየለወጠ በአምስት ዓመቱ አፉ ይሞላል። ከዚያ በየጥርሱ ራስ ላይ ያለው ጥቁር ጎድጓዳ እየተፋቀ ይሄዳል፤ ከታች ከሚገኙት የመሃለኞቹ በስድስት፣ ቀጥለው ያሉት በሰባት፣ የዳርና ዳሮቹ በስምንት ዓመት ገደማ ልሙጥ ይሆናሉ። ከስምንት በኋላ ያለው ግምት ነው። «ዘጠኝ ዓመቱ ነው» የሚባል ፈረስ በገበያ የሚበዛው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ጀርባ ይዳሰሳል። በዳማ ፈረስ ትከሻ ላይ የጣት ራስ የሚያህል ነጭ ፀጉር በቅሎ ከታየ፣ በዚያ ቦታ ኮርቻ አቁስሎት የዳነ ነው፤ ቆዳው ሲሽር ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሻጭ ሲፈጥረው ነው ይላል። ግራና ቀኙ በአንድ ቁመት ላይ ነጭ ከሆነ ግን የእንጨት ኮርቻው ሁለት ጎን ያረፈበት ቦታ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ጥበብ አያስፈልግም። አንድ የዳነ ቁስል ፈረሱን አያስጥልም። ነገር ግን አዲሱ ባለቤት ግላሱን ወፈር፣ ኮርቻውን ሰፋ ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል።

ሻጩ ወይም ልጁ ወጥቶበት ሜዳውን ሲያመላልሰው ሁሉም ፈረስ ግሩም ነው። አዋቂ ገዢ ራሱ ይወጣበታል። ከሌሎቹ ፈረሶች ለይቶም ብቻውን ያርቀዋል፤ ጓደኞቼን ትቼ አልሄድም ብሎ የሚሽከረከር ፈረስ በሰልፍ ለሚሄድ ጭነት ይሆን ይሆናል እንጂ ለብቸኛ መንገደኛ አይሆንም። ከዚያ ወርዶ ዛቡን (የልጓሙን መሳቢያ) ጥሎ ይቆማል፤ ፈረሱ አብሮት ከቆመ ግማሹ ፈተና አልቋል። ሰጋር ከሆነ፣ ማለትም ጋላቢውን ሳያንገጫግጭ በፍጥነት የሚራመድ ከሆነ፣ ዋጋው ይጨምራል፤ ሶምሶማው የሚያንገላታው ግን ሰዓታት ለሚወስድ መንገድ ወገብ ይጨርሳል።

አስቸጋሪው አመል ነው። የሚራገጥ፣ የሚናከስ፣ ድልድይ ወይም ውኃ የሚፈራ፣ ደንባራ የሆነ ፈረስ በአንድ ገበያ ቀን አይታወቅም፤ በተለይ ጠዋቱን ሲያደክሙት ውለው ካመጡት። ዋስ የሚጠራው እዚህ ላይ ነው። ዋሱ በዋነኛነት ፈረሱ የተሰረቀ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ነው፤ ሻጩን የሚያውቅ ጎረቤት ሲሆን ግን ፈረሱንም ያውቃል፣ ዝም ሲልም ዝምታው ይነበባል።

ሰንጋ፣ ድንጉላ፣ ባዝራ

ለመንገድ ተመራጩ ሰንጋ፣ ማለትም የተኮላሸ ፈረስ ነው። ድንጉላ፣ ማለትም ያልተኮላሸው ወንድ፣ በመንገድ ባዝራ (ሴት ፈረስ) ባየ ቁጥር ጋላቢውን ይረሳል። በአርሲና ባሌ ደጋ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ዱሪን የሚባለው በሽታ በዚህ አካባቢ በፈረሶች ላይ ሥር ሰዶ የኖረ ነው። የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ ኢኩዊፐርዱም የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ሲሆን፣ እንደ ሌሎች የትሪፓኖሶማ ዓይነቶች በዝንብ ሳይሆን በርቢ ጊዜ ከድንጉላ ወደ ባዝራ፣ ከባዝራ ወደ ድንጉላ ይተላለፋል። ብልቱ ያብጣል፣ ፈረሱ እየከሳ ይሄዳል፣ የኋላ እግሮቹ እየዛሉ ይጎተታሉ። ክትባት የለውም። ስለዚህ ባዝራ የሚገዛ ሰው ጀርባዋን ከመዳሰሱ በፊት ከኋላዋ ቆሞ አረማመዷን ቢያይ ይሻለዋል።

ከደጋ ተነሥቶ ወደ ቆላ ለሚሸጥ ፈረስ የሚያሰጋው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው፤ ይህን ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ያስተላልፉታል። ክትባቱ በቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ጎባ ላይ ተገዝቶ፣ ሳነቴን ተሻግሮ ወደ ደሎ መና የሚወርድ ፈረስ ሳይከተብ ቢሄድ ብርዱ የጠበቀለትን ጤና ሙቀቱ ሊያስከፍለው ይችላል።

ጋላቢውን መምረጥ

የአገሬው ሰው ፈረሱን ራሱ መርጦ ስለሚገዛ ጥያቄው በገበያው ያልቃል። እንግዳ ሲመጣ ግን ተራው ይገለበጣል፤ ፈረሶቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ የሚመዘነው ሰውየው ነው። በዶዶላና በአዳባ ደን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ይደገፍ የነበረው የደን አያያዝ ፕሮጀክት ይህን ሥራ በደንብ አስለምዶታል። ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ ሞሊቻ፣ ዱሮና አዴሌ በተባሉ ቦታዎች የእንጨት ማረፊያዎች ተሠርተው ጎብኚው ከአንዱ ወደ ሌላው በፈረስ ይሄድ ነበር፤ ክፍያው ለመንገድ መሪው፣ ለባለፈረሱና ለማረፊያው ጠባቂ ይከፋፈል ነበር። በዲንሾም፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ባለበት፣ ፈረስ ከባለፈረሶች ይከራያል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

መጀመሪያ ክብደት ይታያል። በውጭ አገር የፈረስ ቤቶች የተለመደው መለኪያ ጋላቢውና ኮርቻው ተደምረው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጡ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ኦሃዮ የወጣ ጥናት ፈረሶችን ከ15 እስከ 30 በመቶ አሸክሞ ፈትኖ፣ ከ25 በመቶ ጀምሮ የልብ ምታቸው በይበልጥ እንደሚጨምርና ጡንቻቸው እንደሚታመም አሳይቷል። ይህን ወደ ባሌ ስናመጣው ሒሳቡ ጠባብ ነው። ፈረሱ 250 ኪሎ ቢሆን 20 በመቶው 50 ኪሎ ነው፤ 90 ኪሎ የሚመዝን እንግዳ በኮርቻ ላይ ሲወጣ ደንቡን በእጥፍ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም። ሚዛን የሌለው ባለፈረስ የሚያደርገው ለከባዱ ሰው ደረተ ሰፊውን፣ ወገበ አጭሩን ፈረስ መስጠትና ዳገት ላይ «ይውረዱ» ማለት ነው። ይህ ቃል በጎብኚዎች ዘንድ ቅሬታ የሚያስነሣውን ያህል የፈረስ ዕድሜ ያራዝማል።

ሁለተኛው አፍ ነው። የአገራችን ልጓም ከታችኛው መንጋጋ ዙሪያ የሚገባ የብረት ቀለበት አለው፤ ትንሽ ሲሳብ ይበቃል። የለመደ ጋላቢ ዛቡን በሁለት ጣት ይዞ ይሄዳል። ጀማሪ ግን ሚዛኑ ሲናጋ የሚደገፈው በዛቡ ላይ ነው፤ ቀለበቱ መንጋጋውን ያንቀዋል፣ ፈረሱ ከሕመሙ ሊሸሽ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ሰውየውም ይበልጥ ይስባል። ስለዚህ ለጀማሪ ልምድ ያለው ሸምገል ያለ ሰንጋ ይሰጠዋል፣ ዛቡ ይቀርና ባለፈረሱ በለኮ ይመራዋል። እርካቡም ችግር አለበት፤ የቀድሞው እርካብ ባዶ እግሩን የሚጋልብ ሰው አውራ ጣቱን ብቻ የሚያስገባበት ትንሽ ቀለበት ስለነበር ቡት ጫማ አይገባበትም። በግድ የገባ ጫማ ደግሞ ሲወድቁ አይወጣም። ለእንግዳ የሚከራይ ፈረስ ሰፊ እርካብ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ከቀለሙና ከስሙ በፊት የሚመጣ ነገር ነው።

ሌላ ፈላጊም አለ። የፓርኩ ጠባቂዎችና እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሠራተኞች ቀበሮዎቹን የሚከታተሉት፣ በወይብ ሸለቆ የውሾችን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚያደርሱትም በፈረስ ነው። ለዚህ ሥራ ፍጥነት አይፈለግም። የሚፈለገው ውሻ ሲጮህበት የማይደነብር፣ ጋላቢው ሲወርድ የሚጠብቅ፣ በነፋስና በበረዶ ቆሞ የሚያድር ፈረስ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው አነጋገር ለእነዚህ ሰዎች የተነገረ ይመስላል።

ወደ ታች መውረድ

የባሌ ፈረስ ሕይወት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች የሚወርድ መሰላል ነው። በወጣትነቱ ይጋለባል፤ ትንሽ ሲዘገይ ይጫናል፤ ከዚያ ሮቤ ወይም ጎባ ከተማ ገብቶ ጋሪ ይጎትታል። ድሮ ውቂያም ነበረው፤ የገብስና የስንዴ ነዶ በአውድማ ላይ ፈረስ ይረግጠው ነበር። አሁን ያንን ኮምባይነር ወስዶታል፣ ግልቢያውን ሞተር፣ ጋሪውን ባጃጅ እየወሰዱበት ነው። በአገራችን የፈረስ ሥጋ ስለማይበላ ያረጀ ፈረስ በገበያ ምንም አያወጣም። ስለዚህ ብዙው በመንገድ ዳር ይለቀቃል፣ ማታ ጅብ ያገኘዋል። ባለቤቱ ጨካኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ገብሱ ለልጆችም ላይበቃ ይችላል። ቢሆንም ጥርሱ ሳያልቅ፣ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ሳለ፣ ከጋሪ ይልቅ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስበትን ቤት መፈለግ የሚችል ባለቤት አልፎ አልፎ ሳይፈልግ ይቀራል። ለልጅ ከሸመገለ ፈረስ የተሻለ አስተማሪ የለም፤ ሁለቱም አይቸኩሉም።

የተሸጠ ፈረስ ወዲያው የአዲሱ ባለቤት አይሆንም። ያደገበትን መስክና አብረውት የጋጡትን ጓደኞቹን ያስታውሳል፤ ከተለቀቀ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገዢው የፊት እግሮቹን በገመድ አጠላልፎ ያስረዋል ወይም ከአንዲት ረጋ ካለች ባዝራ ጋር ያግጠዋል፣ ማታ ማታም ገብስ በእጁ ያበላዋል። ከአጋርፋ ወደ ሮቤ የተሸጠ ፈረስ አንድ ጠዋት በድሮ ባለቤቱ በር ላይ ለኮውን እየጎተተ ቆሞ ሲገኝ፣ የድሮው ባለቤት ውኃ አጠጥቶ፣ ለገዢው ሰው ልኮ ያሳውቃል።