አርባዎቹ ልጆች

ለመሆኑ መለከት የያዘ ልጅ በሰልፍ ሲሄድ አንገቱን ቀና፣ ደረቱን ነፋ የሚያደርገው ስለ ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ በልቤ የጫረችው ሰፈሬ ጉለሌ ናት። በተማሪነት ዘመኔ በየማለዳው ሰንደቅ ዓላማ ስንሰቅል ብሔራዊ መዝሙሩን የምንዘምረው በባዶ ጉሮሯችን ነበር፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይጎተታል፣ የኋላው ረድፍ ደግሞ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። የነሐስ መሣሪያ በዐይናችን የምናየው በበዓል ቀን፣ የፖሊስ ወይም የጦር ሠራዊት ባንድ ሲያልፍ ነው። ያን ጊዜ ከሰልፉ ጎን ጎን እየሮጥን የምንከተለው ዜማው ስለ ሳበን ብቻ አይመስለኝም። የሰዎቹ ኩራት ነበር የሚስበን። ቆይቼ ታሪኩን ሳነብ ግን አንድ ነገር ገረመኝ፤ ያ ኩራት የመንግሥት ወግ ሆኖ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት መካከል ግንባር ቀደሞቹ ገና በተማሪ ዕድሜ ላይ የነበሩ፣ አገርም ወላጅም ያልቀራቸው አርባ ልጆች ናቸው።

እርግጥ ነው፣ አብሮ መንፋት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በነገሥታቱ አደባባይ ነጋሪት ሲጎሰም፣ መለከትና እምቢልታ ሲነፋ ኖሯል። በተለይ እምቢልታ የሚያስደንቅ ጥበብ አለው። አንዱ እምቢልታ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ነፊው ብቻውን ቢቆም ዜማ የለውም። ጓደኞቹ በየተራቸው ሲቀበሉት ነው ድምፁ ዜማ የሚሆነው። ይሁን እንጂ ክብሩ የንጉሡ እንጂ የነፊው አልነበረም። በመሣሪያ ተጫዋችነት እንጀራውን የሚበላ ሰው በኅብረተሰባችን ዘንድ ምን ያህል ይናቅ እንደ ነበር ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም፤ «አዝማሪ» የሚለው ስም ስንት ጊዜ ለስድብ እንደ ዋለ ሁላችንም እናውቃለን።

የነሐስ መሣሪያዎች ወደ ቤተ መንግሥት የገቡት ከ1888ቱ የዓድዋ ድል በኋላ ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ መሣሪያና አሠልጣኝ ላኩ። ድሉ ኢትዮጵያን ከነጻ መንግሥታት ተርታ አሰልፏታልና የውጭ መልእክተኛ ሲመጣ እንደ ወጉ በማርሽ መቀበል ያስፈልግ ነበር። ነሐሱ ከዲፕሎማሲ ጋር ገባ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ከኢየሩሳሌም ይነሣል። በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን መንግሥት ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት እጅግ ብዙ ሕፃናትን ያለ ወላጅ አስቀረ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ተጠልለው ነበር፤ እዚያም የትንፋሽ መሣሪያ ተምረው ባንድ አቋቋሙ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ቅድስት አገርን ሲሳለሙ እነዚህን ልጆች አዩ፣ ሰሙም። ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረውም አርባውን ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ።

ስለዚህ ነገር ባሰብኩ ቁጥር የሚታወሰኝ አንድ አሮጌ ውለታ አለ። በዴር ሡልጣን የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በተቸገሩባቸው ዘመናት ከአርመን ገዳም ወጥ ቤት ዳቦና ወጥ ይቀበሉ ነበር። ይህ በኢየሩሳሌም ታሪክ የታወቀ ነው። አልጋ ወራሹ ይህን አስበው ይሁን አይሁን፣ የእኛን መነኮሳት ይመግብ የነበረው ገዳም ያሳደጋቸው የሙት ልጆች በእኛ አገር እንጀራ መቁረሳቸው እኔን ይመስጠኛል። አደራ አንዳንዴ በትውልድ መካከል ዞሮ ይመጣል።

ልጆቹ አዲስ አበባ የደረሱት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። እንቁጣጣሽ ሊብት አምስት ቀን ሲቀረው፣ አደይ በምትፈካበት ወቅት መሆኑ ነው። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና። መሪያቸው ራሳቸውም የአርመን ተወላጅ የሆኑት ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። በሙዚቃ ታሪካችን የመጀመሪያው ይፋዊ የመንግሥት ባንድ ተብሎ የሚጠቀሰውም ይኸው የልጆች ጓድ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1926፣ ኬቮርክ «ማርሽ ተፈሪ»ን ደረሱ። ግጥሙን የጻፉት የደብረ ኤልያሱ ሊቅ፣ ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ያ ማርሽ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተሰማ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ኖረ። እስቲ አስቡት! አገሩን በሰይፍ የተነጠቀ ሕዝብ ልጅ፣ ቅኔ ከተቀኘ የጎጃም ሊቅ ጋር ተቀምጦ ለሌላ አገር የክብር ድምፅ ሠራ። የራሱ ሰንደቅ ዓላማ የወደቀበት ሰው የእኛ ሲሰቀል የሚሰማውን ዜማ ሰጠን።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ማርሽ ከባድ ዲሲፕሊን ነው። ከበሮው የእግርን ምት ይመታል፤ ግራ እግር በጠንካራው ምት ላይ መውደቅ አለበት። ትራምፔት የያዘው በሦስት ቁልፎችና በከንፈሩ ውጥረት ብቻ ድምፁን ያወጣል፤ እየተራመደ ትንፋሹን ይቆጥባል፤ ተራው እስኪደርስም ዝም ብሎ ምት ይቆጥራል። ትልቁ ነሐስ ብቻውን ቢሰማ ሁለት ድምፅ የሚደጋግም ይመስላል፤ እሱ ሲጎድል ግን ማርሹ መሠረቱ እንደ ተናደ ቤት ነው። የእምቢልታ ነፊዎቻችን ጥበብም ይኸው ነበር። ስለዚህ የልጁ ኩራት ትዕቢት አይደለም። «እኔ ከሌለሁ ይጎድላል» የሚል እርግጠኝነት ነው። ቤተሰቡን ላጣ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ምን መጽናኛ ይኖራል?

አርባዎቹ በባንድነት የቆዩት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ የዘሩት ዘር ግን አልደረቀም። ከድል በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች አበቡ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በማዘጋጃ ቤቱ ባንድና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ብዙዎችን አሠለጠኑ። ጥላሁን ገሠሠ ከክብር ዘበኛ ባንድ ጋር ዘፈነ። በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ የጀመረው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራውን በሳክስፎን አሰማን። ለማርሽ የመጣው ነሐስ ትዝታንና ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ተማረ። መለዮ የለበሰውን ሙዚቀኛም ሰው በክብር ያየው ጀመር፤ ያ አሮጌ ንቀት ጨርሶ ባይጠፋም ተሸረፈ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። በቁጥር ነው የምናስታውሳቸው። «አርባ ልጆች» እንላለን እንጂ የእያንዳንዳቸውን ስም የሚጠራ ስንቱ ነው? ሆኖም በዚሁ ስም ውስጥ አንድ መልካም ነገር አለ። «አርባ ባዕዳን» ወይም «አርባ ስደተኞች» አላልናቸውም። «ልጆች» አልናቸው። ልጅ ደግሞ የቤት ነው።

እንግዲህ የጉለሌም ሆነ የሌላው ሰፈር ተማሪ ከዚህ ታሪክ የሚወርሰው ምንድን ነው? አንዲት አገር ለሙት ልጆች መሣሪያና ቦታ ሰጥታ ድምፅ አገኘች። ዛሬም በየትምህርት ቤቱ የኋላ ረድፍ ላይ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ልጅ አለ። ለእሱ ስለ አገር ፍቅር ንግግር ከማብዛት ይልቅ አንድ መለከት አስይዞ ተራውን ማስቆጠር ይበጃል እላለሁ። የሚጎድል ሰው መሆኑን ካወቀ አንገቱን ቀና ለማድረግ ሌላ ትእዛዝ አያስፈልገውም።