በነዳጁ ምድር የተሞከረው የትራኮማ ክትባት

በምሥራቃዊ ሳዑዲ ዓረቢያ በደማምና በኮባር አቅራቢያ የምትገኘው ዳህራን በነዳጅ ታሪክ የታወቀች ናት። በሕክምና ታሪክም የራሷ ቦታ ሊሰጣት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1938 የደማም 7ኛ ጉድጓድ ነዳጅ ማፍለቅ ሲጀምር፣ በኋላ አራምኮ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ከቀጢፍና ከአል ሐሳ የተምር መንደሮች ሠራተኛ መቅጠሩን አበዛ። ከሠራተኞቹ ጋር ሁለት በሽታዎች ወደ ኩባንያው ሐኪሞች መጡ፤ ወባና ትራኮማ። ወባን ለመከላከል በ1948 የዲዲቲ ርጭት ተጀመረና ብዙ ለውጥ አመጣ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን ትንኟ መድኃኒቱን ተለማመደችው።

ትራኮማ፣ እኛ የዓይን ማዝ የምንለው፣ የበለጠ አስቸጋሪ ሆነ። ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው ይይዛቸዋል፤ ደጋግሞ ሲመለስባቸው የዓይን ቆባቸው በውስጥ በኩል ይጠባሰሳል፤ ካደጉ በኋላ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራቸዋል።

በ1954 አራምኮ ለሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት 500,000 ዶላር ሰጥቶ የትራኮማ ጥናት ተጀመረ። ቤተ ሙከራው በቦስተንና በዳህራን ነበር። ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ መርማሪው የሕፃኑን የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ ጉብታዎቹንና ጠባሳውን ያያል፣ ከዚያም ናሙና ይወስዳል፤ ናሙናው ጫጩት እያደገ ባለበት እንቁላል አስኳል ከረጢት ውስጥ ይገባል። ተሕዋሱን በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በቤጂንግ አሳድገው ውጤቱን በ1957 ያሳተሙት እነ ታንግ ፌይፋን ናቸው። የዘመኑ ሊቃውንት ቫይረስ ይሉት ነበር፤ ባክቴሪያ መሆኑ የታመነው በኋላ ነው።

ተሕዋሱ በእንቁላል ካደገ ክትባት ይሠራለታል የሚለው ተስፋ ያኔ ተጠናከረ። በ1960ዎቹ ጆን ስናይደር፣ ሮጀር ኒኮልስና ባልደረቦቻቸው በምሥራቃዊ ሳዑዲ መንደሮች ክትባቱን ሞከሩ። ከሁለት ዓይነት ዝርያ የተሠራውን ክትባት በሦስት የተለያየ መጠን ሰጥተው ውጤቱን ተከታተሉ። የተገኘው መከላከያ ደካማና አጭር ነበር። በታይዋን በጦጣዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር አሳየ፤ አንዳንድ የተከተቡት ዳግም ሲለከፉ ሕመሙ በረታባቸው። መርማሪዎቹ ያላማረውን ውጤት ሳይሸሽጉ ማሳተማቸውን እኔ ከሥራቸው ሁሉ አስበልጬ አከብራለሁ።

በምሥራቃዊ ሳዑዲ ትራኮማ በተከታዮቹ ዐሥርት ዓመታት እየቀነሰ ሄደ። የቧንቧ ውኃ ገባ፣ ቤቱ ተሻሻለ፣ ገቢው አደገ፣ ክሊኒክና የዓይን ቅባት ቀረበ። የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ግን መዝገቡ ለይቶ አያሳይም፤ ሁሉም አብረው ስለመጡ። በሌሎች የልጅነት በሽታዎች ረገድ ክትባት በ1970ዎቹ መጨረሻ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር፤ መንግሥት የልደት ምስክር ወረቀትን ከክትባት መጠናቀቅ ጋር አያያዘውና የተከታቢው ቁጥር በፍጥነት ጨመረ። ትራኮማን በተመለከተ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ሳዑዲ ዓረቢያን በሽታው የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ ካበቃባቸው አገሮች ተርታ አስገብቷታል።

ይህን ታሪክ ትራኮማ ዛሬም ወዳለበት ወደ አማራ ክልል ይዞ የሚመጣ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ አዚትሮማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በብዛት ሲታደል ተሕዋሱ በእጅጉ ቀነሰ፤ እደላው ሲቆም ግን ተመለሰ። በዋግ ኽምራ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለሦስት ዓመታት የውኃና የንጽሕና ሥራ በተሠራባቸው ቀበሌዎችም ልክፈቱ ካልተሠራባቸው አልተለየም። ስለዚህ «ውኃ ብቻ ይበቃል» የሚለውን ፍርድ ከዳህራን ታሪክ መቅዳት ስሕተት ነው። በቀጢፍና በአል ሐሳ የተለወጠው መላው ኑሮ ነበር፤ ለሦስት ዓመት ብቻ ሳይሆን ለትውልድ።

በገጠሩ አማራ ዛሬም የተቀለበሰ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ የምትነቅል እናት አለች። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፣ በጤና ጣቢያም ይሠራል። እንዲህ ያለች እናት የምታውቁ ወደዚያ ውሰዷት፤ ለትራኮማ እስካሁን ክትባት የለም።