በወሬ የተሣለ ወንዝ

ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ወተት አባይ ላይ የግልገል አባይን ድልድይ ይሻገራል። ነሐሴ ላይ ውሃው ደፍርሶ ቡናማ ነው፤ ሰማዩ ግራጫ፣ ዳርቻው አረንጓዴ። በእነዚህ ሦስት ቀለሞች ወንዝ ሲሥል የኖረ አንድ ሆላንዳዊ ነበር፦ ያን ቫን ጎየን (1596–1656 እ.ኤ.አ.፤ ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)።

የላይደን ተወላጁ ቫን ጎየን ደብተሩን ይዞ በየወንዙ ዳር ይዞራል፤ ያየውን በጠመኔ ይነድፋል፤ ቤቱ ገብቶ ይሥላል። ከሥዕሉ የሚበዛውን ቦታ ለሰማይ ይተዋል። ቀለሙን ከማሳሳቱ የተነሣ የጣውላው ጭረት ከሥር ይታያል። የሐርለሙ ሳሎሞን ቫን ራውስዳል ደግሞ ከብት ጭነው የሚሻገሩ ጀልባዎችን ደጋግሞ ሥሏል። ገዢያቸው ቤተ ክርስቲያን ሳትሆን ቤቱን ማስጌጥ የሚሻ ከተሜ ነበር። በዚያው ዘመን የእኛ ሠዓልያን ወንዝ የሚሥሉት ለጥምቀቱ ታሪክ ነው፦ ዮርዳኖስ፣ ከነዓሣዎቹ፣ በጌታ እግር ሥር።

የራሷን ወንዝ እንዲህ ዳሩ ላይ ቆማ የሣለችው ሆላንድ የእኛን ግን በወሬ ሣለችው። የአምስተርዳሙ ብላው በ1630ዎቹ ያሳተመው የአቢሲኒያ ካርታ ወንዛችንን አባይን ከምድር ወገብ በስተደቡብ ካሉ ትልልቅ ሐይቆች ያስነሣዋል። ምንጩ ግን ከእንጅባራ በስተምሥራቅ፣ ሰከላ፣ ግሽ አባይ ነው። የአካባቢው አገው ያውቀዋል። ኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝም በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ሁለት ክብ የውሃ ዓይኖች አይቷል፤ ጥልቀታቸውንም ጦር እየሰደደ ሞክሯል። ጽሑፉ ግን ሳይታተም ቆየ፤ ቅንጫቢው ለአውሮፓ አንባቢ የደረሰው በ1652፣ በአታናሲየስ ኪርከር መጽሐፍ ነው።

ምንጩ ከታወቀ በኋላም ቢሆን የአባይ ሸለቆ እስከ 1920ዎቹ ድረስ በካርታ ላይ የነጠብጣብ መስመር ነበር። ነጠብጣቡን ለመሙላት የተነሣው ሰው መኖሪያው እዚሁ ዳንግላ ነበር፦ ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን። በበቅሎ ጣናን ዞረ፣ ሸለቆውን ተከተለ፣ ለካ፤ በ1936ም መጽሐፉን አሳተመ።

ቫን ጎየን በደጁ፣ ቺዝማን በሰው አገር፣ ሁለቱም ወንዙ ድረስ ሄደዋል። ብላው አልሄደም። ከግሽ የሚነሣው ግልገል አባይ ዘንድሮም ቡናማውን ለብሶ ወተት አባይ ድልድይ ሥር ያልፋል፤ ደብተር ይዞ ዳሩ ላይ ለሚቀመጥ ቀለሙ ተበጥብጦ የቀረበ ነው።