ወተት በጉንጬ እና ቁጥሩ

ስም ማሳጠር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ገ/ሥላሴንና ወ/ማርያምን በየመዝገቡ ስንጽፍ ኖረናል፤ የቀበሌ ጸሐፊም ቢሆን አይደናገረውም። ታዲያ በደረቀ ተክል ግርጌ በተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት ላይ «ኤል.» የምትል ምሕጻር ስናይ የምንሸሸው ለምንድን ነው? «ኤል.» ማለት ስዊድናዊው ሊንየስ ነው፤ ሌላ ምስጢር የላትም።

የጤፍን ስም እንውሰድ፦ ኤራግሮስቲስ ጤፍ (ዙክ.) ትሮተር። በቅንፍ ያለው ጣሊያናዊው ዙካኚ ነው፤ በ1775 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የሰየመው እሱ ነው። ከቅንፍ ውጪ ያለው ትሮተር ደግሞ በ1918 እ.ኤ.አ. ተክሉን ዛሬ ወዳለበት ወገን አዛወረው። ሁለቱም ድርሻቸውን አግኝተዋል። ዘሩን መርጦ ያቆየው ገበሬስ? የሱ ድርሻ «ጤፍ» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። ኮሶ እኮ ያቺንም አላገኘ! ሃጌንያ የተባለው በአንድ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ስም ነው።

ፈረንሳውያኑ ካርታን ዲሎንና ፔቲ ለዚሁ ሥራ ሕይወታቸውን ከፍለዋል። ዲሎን በ1840 እ.ኤ.አ. በንዳድ ሞተ፤ ፔቲን በ1843 አዞ በላው። የሰበሰቡት ተክል ፓሪስ ገብቶ አሺል ሪሻር ለጻፈው የሐበሻ ዕፀዋት መጽሐፍ መሠረት ሆነ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚያው በፓሪስ ሙዚየም በጎ ፈቃደኞች የቆዩ መለያ ወረቀቶችን ፎቶ እያዩ ይገለብጣሉ። ሥራቸውን እናደንቃለን። ግን ገልባጭ የሚገለብጠው የተጻፈውን ነው፤ ሰብሳቢው ገበሬውን ሳይጠይቅ ያለፈውን ማንም አያመጣውም።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲንግና አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ከ9,000 በላይ የማሽላ ዓይነት መርምረው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር የበዛባቸው ሁለት አገኙ። ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ነበሩ። መጠሪያቸው ግን አይ ኤስ 11167 እና አይ ኤስ 11758 ነበር፤ ቁጥር ብቻ! የወሎ ገበሬ እንዲህ ያለውን ማሽላ በእሸቱ ጠብሶ እየበላ «ወተት በጉንጬ»፣ «ማር ጩቄ» ይለዋል። ሳይንቲስት በላቦራቶሪ የደረሰበትን የገበሬው ምላስ ቀድሞ በስም አስቀምጦት ነበር ማለት ነው። ስሙን ያነበበ ሰው ከ9,000ው ውስጥ የትኛውን ቀድሞ መመርመር እንዳለበት ባወቀ!

ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲኬድ ሲሪንቃ ላይ የግብርና ምርምር ማእከል አለ። ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ግራና-1» ይባላል፤ የሀብሩን ግራና ያስታውሰናል። ደግ ጅምር ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክም የገበሬን ዘር እየሰበሰበ ለትውልድ አቆይቷል። ዘር ቆይቶ ስሙ ከጠፋ ግን ግማሹ ጠፍቷል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ ለእረፍት አገር ቤት ስንገባ ቅጠል ይዘን ብቻ አንመለስ። አባባን «ይህ ምን ይባላል? ለምንስ እንዲህ ተባለ?» ብለን እንጠይቅ። የነገሩንንም ሳናርም፣ በራሳችን ፊደል፣ ከ«ኤል.» ጎን እንጻፈው። ወረቀቷ ለሁለቱም ትበቃለች።