የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ፦ የማን ሕንፃ ነው?



በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር በሚገኘው በመርጡለ ማርያም ገዳም፣ ዛሬ ከሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል። አበባና ሐረግ የተቀረጸባቸው ጥርብ ድንጋዮቹ ተመልካችን ያስደንቃሉ። ይህን የመሰለ ጥንታዊ ግንብ ሲታይ «የፖርቱጋሎች ሥራ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ይህ ስያሜ ምን ያህል እውነት ይዟል? ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ትውፊቱ የገዳሙን ምሥረታ ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ይወስደዋል። በጽሑፍ ማስረጃ የምንደርስበት ግን እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። እሌኒ የሐድያ ገራድ ልጅ ነበሩ፤ ዐፄ ልብነ ድንግል ሕፃን ሳሉ መንግሥቱን በሞግዚትነት መርተዋል፤ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩትም እርሳቸው ናቸው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እሌኒ በጎጃም ስላሠሩት ቤተ ክርስቲያን ጽፏል። መሠረቱ እንግዲህ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን መምጣት ይቀድማል።

ያ ቤተ ክርስቲያን በዚያው ክፍለ ዘመን ጦርነቶች ፈረሰ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ ኢየሱሳውያን መልሰው መገንባት ያዙ። ሥራውን የመራው አባ ብሩኖ ብሩኒም ጣሊያናዊ እንጂ ፖርቱጋላዊ አልነበረም። በ1632 የተዋሕዶ እምነት ወደ ቦታው ሲመለስ የኢየሱሳውያኑ ዘመን አበቃ፤ ዐፄ ፋሲለደስም ከአገር አስወጧቸው።

ሕንፃውን «የቅኝ ግዛት ቅርስ» ማለትም አያስኬድም። ሚሲዮናውያኑ የሠሩት በንጉሡ ፈቃድና ድጋፍ ነበር። ይህን ስል አዲሱን እምነት በግድ ለማጽናት የፈሰሰውን ደም መዘንጋቴ አይደለም። በቅኝ ገዥ ኃይልና በቤተ መንግሥት ፖሊሲ መካከል ያለው ልዩነት ግን ለታሪክ ጸሓፊ ትልቅ ነው።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ፍርስራሽ ያዘጋጀው መግለጫ የታተመው በ1847 ነበር። የትኛው ቅርጽ የእሌኒ፣ የትኛው የብሩኒ ዘመን እንደ ሆነ ለመለየት ግን ግድግዳውን ራሱን ድንጋይ በድንጋይ ማንበብ ያስፈልጋል። ስያሜው አስቀድሞ ከፈረደ ያንን ጥያቄ የሚያነሣ አይኖርም፤ የሐድያዋ እቴጌም ራሳቸው ካሠሩት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይሰረዛሉ። ጣሪያ የሌለውን ግንብ ዝናብ በየክረምቱ ይመታዋል። ማስረጃው ሳይጠፋ እንድናነበው አደራ እላለሁ።